ውሃው በ94 ፈላ፣ ሪፖርቱ ግን 100 አለ

ሐዋሳ ያለን የኬሚስትሪ መምህራንና ተማሪዎች የምንወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ክር (በአንድ ጉዳይ ላይ የተደረደረ የጽሑፍ ውይይት) ነበር። ጉዳዩ የፊዚካል ኬሚስትሪ ኮርስ ደንብ ነው። መምህሩ ከተማሪው ምን ይጠብቅ? ተማሪውስ ከመምህሩ? እኔ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች ነገ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ አንድም ምላሽ ሳልዘል አነበብኩት። ጊዜ ላጣችሁ በየተራ ላውጋችሁ። የራሴንም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ አስገባለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ የአንድ ወጣት መምህር ነው። የትኛው ግቢ እንደሚያስተምር አልገለጸም። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ፊዚካል ኬሚስትሪ፣ ማለትም ቴርሞዳይናሚክስን (የሙቀትና የኃይል ጥናትን) ሊጀምር ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚያድለውን አውትላይን አዘጋጅቶ ደንቦቹን ዘረዘረ። ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ መገኘት ግዴታ ነው። ከላብ (ከቤተ ሙከራ) መቅረት አይቻልም። ኩዊዝ በየሳምንቱ አለ፣ ቀኑ ግን አይነገርም። የላብ ሪፖርት በኮምፒውተር ተጽፎና ታትሞ ይገባል፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 10 በመቶ ይቆረጣል። ፈተና ላይ የፎርሙላ ወረቀት መምህሩ ራሱ ያድላል። ስልክን እንደ ካልኩሌተር መጠቀም ክልክል ነው። ዩኒት የሌለው መልስ ግማሽ ነጥቡን ያጣል። አሳይመንት ተመካክሮ መሥራት ይፈቀዳል፣ አጻጻፉ ግን የየግል ነው። ግማሹ ማርክ ከተከታታይ ምዘና፣ ግማሹ ከፋይናል ይመጣል። መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ የላብ ውጤት ከመጽሐፉ ዋጋ በራቀ ቁጥር ማርኩ ይቀንሳል። ከዚያ ጥያቄውን አቀረበ፤ የቱ ይጠንክር፣ የቱ ይላላ?

ኋላ ላይ ክሩን የያዘችው ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት። መጀመሪያ ላይ ግን ማንም ልብ አላላትም።

1ኛው ምላሽ ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። ወጣቱ ደንቡን ለሰው አሳይቶ በመጠየቁ አመሰገኑት፣ መረቁትም። ምክራቸው አንድ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፍ። ተማሪ ምክንያቱን ያላወቀውን ደንብ የሚያከብረው መምህሩ ሲያየው ብቻ ነው ባይ ናቸው።

2ኛዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ኮርሱን ወስዳ ጨርሳለች። የፎርሙላ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችው። እሷ ስትማር ወረቀት አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ችከላ ላይ ያድር ነበር። ጠዋት ፎርሙላው በቃል አለ፣ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ምሳሌም ሰጠች። ሙቀቱ ከኤንታልፒ (ከሙቀት ይዘት) ለውጥ ጋር እኩል የሚሆነው ግፊቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። ሥራን ግፊትን በቮልዩም ለውጥ አባዝቶ ማግኘት የሚቻለው የውጭው ግፊት ቋሚ ከሆነ ነው። ጋዙ ቴምፕሬቸሩን ጠብቆ ቀስ እያለ፣ በሪቨርሲብል መንገድ ሲሰፋ ደግሞ ሎጋሪዝም ይገባል። ሦስቱም ወረቀቱ ላይ ተጽፈው ቢሰጡት እንኳ ጥያቄውን በደንብ ያላነበበ ተማሪ አንዱን አንስቶ ይከታል። ስለዚህ ወረቀቱ ሰነፍን አያድንም፤ ያሰበውን ግን ከሽምደዳ ያሳርፈዋል። እኔም እንደዚሁ አምናለሁ።

3ኛው ሰው አልተዋጠለትም። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል አለ። እዚያ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለአሠራር የሚሰጥ ማርክ የለም። ልጆቹን ወረቀት አስለምዶ ወደዚያ መላክ ማታለል ነው የሚል ነው ክርክሩ። ልጅቷ በ4ኛው ተመልሳ መጣች። የምርጫ ጥያቄ አውጪ የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያዘጋጀው ልክ እንዲህ ባለ ቦታ ፎርሙላ ከሚያምታቱ ተማሪዎች ስህተት ነው፣ ስለዚህ መቼ የቱን መጠቀም እንዳለበት የለየ ተማሪ እዚያም ያልፋል ስትል መለሰች። ሰውዬው ዝም አለ።

5ኛው ምላሽ ሒሳብ ይዞ መጣ። ኮርሱ 5 ኢሲቲኤስ (የተማሪው የሥራ ጫና የሚቆጠርበት መለኪያ) ከሆነ፣ አንዱ በ27 ሰዓት ሲታሰብ 135 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተማሪው ክፍል የሚቀመጠው ከዚህ ከግማሹ ያነሰ ነው፤ ቀሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ነው። ይህ ቁጥር አውትላይኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ አለ። 6ኛው ያንኑ ሒሳብ ገለበጠው። ሴሚስተሩ 30 ኢሲቲኤስ ከሆነ በሳምንት ከ50 ሰዓት በላይ ሥራ ነው፤ ታዲያ እያንዳንዱ መምህር ያለ የእኔ ኮርስ ሌላ የለም እያለ ከጫነ ልጁ መቼ ይተኛል? ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ለተማሪው፣ ሁለተኛው ለመምህሩ መነገር አለበት።

7ኛው አጭር ነው፤ ስለ ካልኩለስ። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ያላየ ልጅ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ቦርዱን ብቻ ነው የሚገለብጠው። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ማርክ የሌለው የሒሳብ ፈተና ይሰጥ፣ የጎደለው ይታይ አለ። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እኔ የለኝም።

8ኛዋ ስለ ዩኒት ጻፈች። ግማሽ ነጥብ መቁረጥ ይበዛል አለች። 9ኛው ግን በምሳሌ ሞገታት። ውሃ ለመትነን በሞል ወደ 40.7 ኪሎጁል ይፈልጋል። የኤንትሮፒው (የኃይል መበታተን መለኪያው) ለውጥ በሞል በኬልቪን 109 ጁል ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የመፍያውን ቴምፕሬቸር እናገኛለን። ኪሎጁሉን ወደ ጁል የለወጠ ተማሪ 373 ኬልቪን፣ ማለትም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያገኛል። ያልለወጠው 0.37 ኬልቪን ያገኛል። ይህም ማለት ውሃ ከፍጹም ዜሮ እልፍ ሳይል ይፈላል ማለት ነው። ተማሪው ይህን ጽፎ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። ሰውዬው ያቀረበው ደንብ ግን ቅጣት አይደለም። ተማሪው መልሱን አይቶ ይህ ሊሆን አይችልም፣ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ብሎ ከጻፈ ከቀረበት ነጥብ ግማሹ ይመለስለት ነው ያለው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ልጁ ካልኩሌተሩ ያወጣለትን ቁጥር እንዲጠራጠር የሚከፍለው ደንብ ነው።

10ኛው ምላሽ ከላብ ነው የመጣው። ጸሐፊዋ ለረጅም ጊዜ የላብ ቴክኒሻን ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። ስለ ክፍል መገኘትም ስለ ፎርሙላም አንድ ቃል አልተነፈሱም። በቀጥታ ወደዚያች የመጨረሻ መስመር ሄዱ።

የጻፉት ይህን ይመስላል። የውሃን የመፍያ ነጥብ የሚለካ ቀላል ላብ አለ። ተማሪዎቹ ቴርሞሜትሩን ይከታሉ፣ ውሃው ይፈላል፣ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ላይ ይቆማል። እሳቱን ቢጨምሩም ንቅንቅ አይልም። አንዱ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል፣ ሌላ ይቀየርላቸዋል፣ እሱም 94 ይላል። ሪፖርቱ ሲገባ ግን 99.8 ይላል፣ 100.1 ይላል። ከመጽሐፉ ዋጋ በራቁ ቁጥር ማርክ እንደሚቀነስ ያውቃሉ። ስለዚህ ያዩትን ትተው መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ። ለአንድ ቤንች አሥር ልጅ ተሰልፎ አንዱ ሲለካ ዘጠኙ ይገለብጣሉ። የአንድ ዓመት ሪፖርት ደግሞ ለቀጣዩ ባች በፍላሽ ይተላለፋል፤ እሳቸው ያንኑ አሥርዮሽ ቁጥር ዓመት ቆጥሮ ሲመጣ እያዩ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ይገባዋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 0.81 እጥፍ ገደማ ነው። ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ቴምፕሬቸር ይፈላል። ይህንና የመትነኛ ኤንታልፒውን፣ ግፊትንና የመፍያ ነጥብን በሚያገናኘው የክላውሲየስና የክላፔይሮን ቀመር ውስጥ ስናስገባ 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ከምናምን ይወጣል። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። ልጆቹም ሲለኩ ልክ ነበሩ። የሠሩትን ትክክለኛ ሥራ እንዲሰርዙ ያደረጋቸው የማርክ አሰጣጡ ነው። በዚያው ሴሚስተር ያንን ቀመር ይማሩታል፣ ፈተና ላይም ይሠሩታል። ግን ቀመሩ የሚናገረው እጃቸው ላይ ስለነበረው ቢከር እንደሆነ የነገራቸው የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ሳይንስ ማስተማር ካልን ከዚህ በላይ ጥሩ አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

11ኛው እርማት ይዞ ገባ፤ ለስላሳ እርማት ነው። በመጀመሪያ፣ 100 የሚባለው ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ሲሆን ነው። አይዩፓክ (ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ማኅበር) በ1982 እ.ኤ.አ. መደበኛውን ግፊት አንድ ባር እንዲሆን ካደረገ ወዲህ በዚያ የሚለካው የመፍያ ነጥብ 99.6 ነው። ሁለተኛ፣ የስህተት መቶኛን በሴልሺየስ ማስላት ራሱ ትርጉም የለውም። በሴልሺየስ 94ና 100 በ6 በመቶ ይለያያሉ። በኬልቪን ግን 367ና 373 ናቸው፤ ልዩነቱ 1.6 በመቶ ብቻ ነው። የሴልሺየስ ዜሮ ሰው የመረጠው ነጥብ ስለሆነ በእሱ ላይ የተሠራ መቶኛም የዘፈቀደ ነው። እንግዲህ ተማሪው የሚቀጣው በሁለት በኩል ያለ አግባብ ነበር ማለት ነው።

ከ12 እስከ 14 ያሉት ምላሾች ወጥ ቤት ገቡ። አንዷ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣች ወዲህ የሽምብራ ንፍሮ ቶሎ እንደሚበስልላት ጻፈች። ሌላው አዲስ አበባ ከፍ ስለምትል ውሃ 92 አካባቢ እንደሚፈላ፣ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ እንደሚያልፍ አስረዳ። ሦስተኛዋ የፕሬዠር ድስት ግፊቱን ከፍ አድርጎ ውሃውን ከ110 በላይ ስለሚያደርሰው ነው ባቄላው ቶሎ የሚበስለው፤ ይህም ቴምፕሬቸር ሲጨምር ኬሚካዊ ለውጥ እንደሚፈጥን የሚያሳየው የአሬኒየስ ቀመር ሥራ ነው አለች። ከርዕስ ወጡ ብሎ የተቆጣ አለ። እኔ አልቆጣም። ሦስቱም ፈተና ላይ ቢጠየቁ ያልፉ ነበር።

በ15ኛው ክሩን የከፈተው ወጣት መምህር ተመለሰ። ቴክኒሻኗን አመስግኖ በትሕትና ጠየቃቸው፤ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር ካላወዳደርኩ በምን ላርም? በ16ኛው እሳቸው መለሱለት። እያንዳንዱ ተማሪ የላብ ደብተር ይያዝ። የተለካው በእስክሪብቶ፣ ወዲያው እዚያው ይጻፍ። ስህተት ከተጻፈ አንድ መስመር ይሰመርበት እንጂ አይፋቅ። ላብ ሳይለቁ ገጹ ይፈረምበት። ማርኩ የሚሰጠው ሦስት ጊዜ ተለክቷል ወይ፣ ሦስቱ ምን ያህል ተቀራረቡ፣ ከመጽሐፉ ቢለይ ለምን እንደተለየ ተብራርቷል ወይ በሚለው ይሁን። የተፈረመው ደብተር ላይ ያለውና ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ካልተገናኙ ዜሮ። ደንቡ በጣም ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

17ኛው ስለ ቻት ጂፒቲ አነሳ። አሳይመንቱን ለየብቻ ጻፉ ማለት አሁን ከንቱ ነው፣ ማሽኑ ለሁሉም ለየብቻ ይጽፍላቸዋል አለ። መፍትሔውም በቃል መጠየቅ ነው፤ ላብ ላይ በየቤንቹ እየዞሩ አንድ አንድ ጥያቄ። ብዙ ሰው የሚስማማበት ይመስለኛል፣ ግን ማንም አልቀጠለበትም። ምክንያቱም 18ኛው እሳት ጫረ።

18ኛው ጸሐፊ አሬኒየስን ጠራ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 እ.ኤ.አ. ኡፕሳላ ላይ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ለጥቂት ያለፈ ዝቅተኛ ውጤት ነበር የተሰጠው። በ1903 እ.ኤ.አ. በዚያው ሐሳብ የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ። ስለዚህ ማርክ ምንም አይለካም፣ ደንብም ብዛቱ ተማሪን ማሰቃያ ነው ብሎ ደመደመ። 19ኛው አልማረውም። አሬኒየስ የጨው ውሃን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ራሱ ለክቶ ነው የተከራከረው፤ የጓደኛውን ሪፖርት ገልብጦ ኤፍ የበላ ሁሉ ስሙን አይጥራ አለ። ቃሉ ከረረ። በ20ኛው አንድ ተማሪ ተናዶ መጣ። መምህራን ስለ ኩረጃ ሲያወሩ እሱ የወሰደው ኮርስ ግን ከድሮ ሃንዳውት እየተነበበ እንዳለቀ፣ ፋይናሉ ተመልሶ እንዳልታየው፣ ውጤቱ ኤፍኤክስ (የመውደቅ ማርክ) መሆኑን ብቻ እንደሰማ ጻፈ። 21ኛው ሰነፍ ብሎ ሰደበው። ይህን ባላነብ ደስ ባለኝ። ልጁ ያነሳው ስንፍናን የሚመለከት አልነበረም።

ያበረዱት በ22ኛው እኒያ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ከገሠጹ በኋላ ለተማሪው ወገኑ። የታረመ ወረቀቱን ያላየ ተማሪ ከፈተናው ምንም አልተማረም፤ ተማሪን በቀን 10 በመቶ የሚቀጣ መምህር ራሱም ወረቀት የሚመልስበት ቀን ሊኖረው ይገባል አሉ። መምህር ሲቀር ምን እንደሚሆንም ይጻፍ። ማታ በቴሌግራም ተነግሮ ቅዳሜ የሚሰጥ ማካካሻ ክፍል ላይ አቴንዳንስ አይያዝ። ከአውትላይኑ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ሁሉም ደንብ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር የሚያየው።

23ኛው የክረምት ተማሪ ነው። በመደበኛው ጊዜ ወረዳ ላይ ያስተምራል፣ ክረምት ሐዋሳ መጥቶ ይማራል። ሴሚስተሩ ሁለት ወር አካባቢ ውስጥ ሲጨመቅ ያልተነገረ ኩዊዝ ማለት በየሁለት ቀኑ መፈተን ነው፤ ደንቡ ለመደበኛውና ለክረምቱ አንድ ሊሆን አይችልም አለ። 24ኛዋ የሪፖርቱን መታተም አነሳች። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ቤቱ ይዘጋል፣ የዘገየችው እሷ ሳትሆን ፕሪንተሩ ነው፤ ማርኩ ግን የሚቆረጠው ከእሷ ነው። በእጅ የተጻፈ ለምን አይበቃም?

25ኛው ላይ ወጣቱ መምህር የተሻሻለውን ደንብ አወጣ። ሪፖርት በእጅ ይጻፋል። የላብ ደብተር ይኖራል፣ ይፈረምበታል። የተለካ ቁጥር ምንም ይሁን ምን በራሱ ማርክ አያስቀንስም፤ የተለወጠ ቁጥር ግን ዜሮ ነው። መልሱ የማይሆን መሆኑን የጻፈ ተማሪ ከቀረበት ነጥብ ግማሹ ይመለስለታል። የሒሳብ መፈተሻ መጀመሪያው ሳምንት ላይ አለ። ኩዊዝና ሚድ በአንድ ሳምንት ታርሞ ይመለሳል። ሳይለውጥ የተዋቸውም አሉ። ከላብ መቅረት አሁንም የለም። ስልክ አሁንም አይገባም። 80 በመቶውንም አልነካውም። በዚህ በመጨረሻው ከእሱ አልስማማም። ላብ ሌላ ነው፣ እዚያ ካልተገኙ አይለካም። ሌክቸር ላይ ግን መገኘት ማርክ ካልሆነ በስተቀር ማንም አይመጣም ብሎ የሚሰጋ መምህር ያንን ሰዓት ምን እያደረገበት እንደሆነ ቢያስብ እመርጣለሁ።

26ኛው ያንኑ ኮርስ ለሌላ ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ነው። ደንቡን አከበረ፣ ግን የመጽሐፉን ዋጋ መተው አልፈለገም። ዒላማ ከሌለ ተማሪው በጥንቃቄ አይለካም፣ ያገኘውን ጽፎ ይወጣል ብሎ ይፈራል። ሥጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዒላማው የተሳሳተ ቦታ ላይ ከተተከለ ጥንቁቁ ልጅ ነው የሚጎዳው። ሁለት ሴክሽን በሁለት ደንብ ከሄዱ ደግሞ የአንደኛው ተማሪዎች 94 ይጽፋሉ፣ የሌላው 100፤ አንድ ላብ ውስጥ።

መፍትሔውን እንደገና ያመጡት ቴክኒሻኗ ናቸው፤ 27ኛው ላይ። የላቡ ግድግዳ ላይ ባሮሜትር ይሰቀል አሉ። ተማሪው የዕለቱን ግፊት አንብቦ፣ ከቀመሩ የሚጠበቀውን አስልቶ፣ ከለካው ጋር ያወዳድር። ያኔ ዒላማውም አለ፣ ውሸቱም የለም። 28ኛው ባሮሜትር ከሌለ የስልክ የአየር ሁኔታ አፕ ይበቃል አለ። 29ኛዋ፣ ያቺ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ቶሎ አረመችው። አፑ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለ ግፊት ስለሆነ ሐዋሳ ላይም ከ1,010 ሄክቶፓስካል በላይ ይላል። እውነተኛው ግን 825 አካባቢ ነው፤ በአፑ ያሰላ ሰው ተመልሶ 100 ላይ ይወድቃል። የግፊት ሴንሰር ያለው ስልክ ከሆነ ግን ሴንሰሩ የሚያነበው ትክክለኛውን ነው። ሁለቱ መምህራን ነገሩን ለትምህርት ክፍሉ ስብሰባ እንደሚያቀርቡ ተስማሙ፤ ምዝገባ ሳይጀመር። የትምህርት ቤታችሁ ስቶር ውስጥ የሚሠራ ባሮሜትር ሥራ ፈትቶ ካለ ክሩ ላይ ጻፉላቸው። እኔም የእኛን ስቶር ነገ አስከፍታለሁ።